ርክክብ፦ የሕንፃ ጉድለት የሚመዘገብበት ወቅት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2016 ማለዳ የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤደንብራ በኃይለኛ ነፋስ ስትናጥ ነበር። ኦክስጋንግስ በሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የውጭ ግድግዳ ተደርምሶ ወደ 9 ቶን የሚጠጋ ጡብ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ልጆቹ ገና ትምህርት ቤት ስላልደረሱ ሰው አልተጎዳም። ሕንፃው ያረጀ አልነበረም፤ የተከፈተው በ2005 ነው።

የወደቀው ግድግዳ ድርብ ነው፤ ከውስጥ ብሎኬት፣ ከውጭ ጡብ፣ በመሃል ክፍተት። ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዛቸው ቀጭን የብረት ማሰሪያ ሲሆን በእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር ሞርታሩ ውስጥ መግባት ነበረበት። በፍርስራሹ ውስጥ የተገኙት ብዙዎቹ ማሰሪያዎች ግን በጡቡ በኩል በበቂ ጥልቀት አልገቡም። ኦክስጋንግስ በተሠራበት ፕሮግራም የተገነቡ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሲመረመሩም ተመሳሳይ ችግር ታየ። በኤፕሪል ወር 17 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከ7 ሺህ በላይ ተማሪዎች ሌላ መማሪያ ቦታ እስኪፈለግላቸው ቤታቸው ዋሉ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተሰየሙት ፕሮፌሰር ጆን ኮል በፌብሩዋሪ 2017 ባወጡት ሪፖርት የግንበኞቹን አሠራርና የተቋራጩን ቁጥጥር ተችተዋል። ከዚህም በላይ ግን አንድ ነገር አጥብቀው አነሡ፤ አሠሪውን ወክሎ በየቀኑ ሳይት ላይ የሚገኝና ሥራውን በዓይኑ የሚያይ ገለልተኛ ተቆጣጣሪ አልነበረም።

የእነዚህ ሕንፃዎች ሁሉ ርክክብ ተፈጽሟል። ፊርማ አለ፣ ምስክር ወረቀት አለ፣ ቁልፍ ተሰጥቷል። በርክክቡ ዕለት ግቢውን የዞረ ሰው ያየው ንጹሕና ቀጥ ያለ የጡብ ግድግዳ ነው። ማሰሪያውን ለማየት ግድግዳውን ማፍረስ ያስፈልግ ነበር፤ ያን ደግሞ በርክክብ ቀን ማንም አያደርገውም።

ይህ ንግግር የተዘጋጀው ለመሐንዲሶች ብቻ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ባጠራቀመው ገንዘብ ቤት ለሚያሠራ፣ አፓርታማ ለሚገዛ፣ ለደብሩ ወይም ለመስጊዱ በሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ውስጥ በነጻ ለሚያገለግል፣ የቀበሌውን ጤና ጣቢያ ለመረከብ ተወክሎ ለሚሄድ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሲሚንቶና ብረት ላይ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ያህል ለመጨረሻዎቹ ወራት አይጨነቅም። ገንዘቡም ጉልበቱም ያለቀው በዚያ ጊዜ ነውና አይፈረድበትም። ሆኖም ተቋራጩን ጉድለት ለማሳረም የሚያስችለው አቅም ከሁሉ በላይ በእጁ ያለው ያን ጊዜ ነው፤ ከፈረመ በኋላ በየቀኑ እየሳሳ ይሄዳል።

በሀገራችን የግንባታ ውሎች ርክክብ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ደረጃ አለው። ሥራው በመሠረቱ ሲያልቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ ከዚያ የጉድለት ተጠያቂነት ጊዜ ይከተላል፤ እሱ ሲያበቃ የመጨረሻ ርክክብ ይፈጸማል። የመሃሉ ጊዜ በተለምዶ አንድ ዓመት ነው። በብዙ የሀገራችን የመንገድና የሕንፃ ሥራዎች ላይ የሚሠራበት የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን (ፊዲክ) እ.ኤ.አ. የ1999 መደበኛ ውልም 365 ቀን ይላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አሠሪው ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ቀንሶ የያዘው ገንዘብ፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር ሪቴንሽን፣ በእጁ ይቆያል። ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ነው፤ ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ ላይ፣ ቀሪው በመጨረሻው ይለቀቃል።

ወረቀቱ ይህን ይላል። ሳይቱ ላይ ግን ሌላ ነገር ይታያል። የተቋራጩ ጎበዝ ፎርማን ከሁለት ወር በፊት ወደ አዲሱ ፕሮጀክት ተዛውሯል። ሴራሚኩን ያነጠፈው ቡድን ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል፤ ስልኩም አይነሣም። የአማካሪው የቁጥጥር ውል ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል። አሠሪው ደግሞ ኪራይ እየከፈለ ነው፤ ወይም የምርቃቱ ጥሪ ተበትኗል። ሁሉም ወገን ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ «ትንሽ ትንሽ ነገር ነው፣ በኋላ ይስተካከላል» የሚለው ቃል ከሁሉም አፍ እኩል ይወጣል። ለዚህ ቃል ማሰሪያ የሚሆነው አንድ የጽሑፍ ዝርዝር ብቻ ነው።

የጉድለት ዝርዝር ሲባል ግን ሁሉም ዝርዝር ዝርዝር አይደለም። «4ኛ ፎቅ መታጠቢያ ቤቱ ችግር አለበት» ተብሎ የተጻፈ መስመር ለክርክር በር ከመክፈት ያለፈ አይረባም። ተቋራጩ ሄዶ የላላ ቧንቧ ያጠብቅና «ተስተካክሏል» ይላል፤ አሠሪው ያሰበው ግን ወለሉን ነበር። በአንጻሩ ይህን እንመልከት፦ «4ኛ ፎቅ፣ ቤት ቁጥር 12፣ መታጠቢያ ቤት፤ ወለሉ ወደ ማፍሰሻው ሳይሆን ወደ በሩ ያዘነብላል፤ አንድ ባልዲ ውኃ ሲፈስበት በር ሥር ይቆማል፤ ፎቶ ተያይዟል፤ ሴራሚኩ ተነሥቶ ልኩ ይስተካከል፤ በድጋሚ በውኃ ይሞከር፤ እስከ ኅዳር 20።» ቦታው፣ የታየው ነገር፣ የታየበት መንገድ፣ የሚጠበቀው እርማት፣ ማረጋገጫውና ቀኑ ሁሉ አለበት። ይህን መስመር ቤቱን የማያውቅ ሰው ቢያነበው እንኳ ሄዶ ማየት ይችላል። ኋላ ወደ ሽምግልና ወይም ወደ ፍርድ ቤት ቢኬድ የሚፈለገውም እንዲህ ያለው ነው።

ዝርዝሩን ለመሥራት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ውኃ ልክ፣ ቱምቢ፣ ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ባልዲና ሳንቲም ይበቃሉ። ሳንቲሙ ለሴራሚክ ነው፤ እያንዳንዱን ንጣፍ መታ መታ ሲያደርጉት ከሥሩ ሙሌት የጎደለው ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የመታጠቢያ ቤት ማፍሰሻ በጨርቅ ወይም በላስቲክ ተደፍኖ ወለሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ ከተሞላ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ይተዋል፤ በማግሥቱ ከሥር ያለው ቤት ጣሪያ ይታያል። እርጥበት ካለ ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት መደረግ የነበረበት የውኃ መከላከያ ሥራ ተዘሏል ወይም ተበላሽቷል ማለት ነው። ይህ ሙከራ መደረግ ያለበት ከሴራሚክ በፊት ነበር፤ ያን ጊዜ ጥገናው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከሴራሚክ በኋላ መፍረስ፣ ከሰው መግባት በኋላ ደግሞ መፍረስና መጣላት ይሆናል።

ስንጥቅ ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ፣ ብዙ ተቋራጭ ደግሞ «የልስን ነው» ብሎ የሚያልፈው ጉድለት ነው። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። ኮለኑና የብሎኬት ግድግዳው በሚገናኙበት መስመር ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን ስንጥቅ በጣም የተለመደ ነው። ኮንክሪትና ብሎኬት በሙቀትና በእርጥበት እኩል ስለማይንቀሳቀሱ፣ መገናኛው ላይ ከልስኑ በፊት ሽቦ መረብ ካልተመታበት ይሰነጠቃል። መልኩን ያበላሻል እንጂ ሕንፃውን አይጥለውም። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ብሎኬቱን ራሱን የሚሰነጥቅ፣ አንድ ጫፉ ከሌላው የሰፋ ስንጥቅ ግን የመሠረት መስመጥ ምልክት ሊሆን ስለሚችል የመዋቅር መሐንዲስ ሳያየው በቀለም መሸፈን የለበትም። ስንጥቁ እያደገ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ በላዩ ላይ ትንሽ ጂፕሰም ይለጠፍና ቀኑ ይጻፍበታል። ከወራት በኋላ ጂፕሰሙ ራሱ ከተሰነጠቀ ግድግዳው አሁንም ይንቀሳቀሳል። ይህ ቀላል ዘዴ በማንኛውም ቤት ሊሠራ ይችላል፤ ብዙ ክርክርም ያሳጥራል፤ ተቋራጩም አሠሪውም የሚያዩት አንድ ነገር ነውና።

ከዚህ ሌላ ከደጋው የአየር ጠባይ ጋር የተያያዘ አንድ ጉዳይ አለ፤ ሊሰመርበት ይገባል። ብዙ ሕንፃ የሚያልቀውና የሚመረቀው በበጋ ነው። በጥቅምት የተረከቡት ጣሪያ እስከ ሰኔ ድረስ ከባድ ዝናብ ሳያይ ሊቆይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከአንድ ዓመቱ የተጠያቂነት ጊዜ ስምንት ወሩ ሄዷል። ፍሳሹ በሐምሌ ሲታይ ማሳወቅ፣ ምክንያቱን ማጣራት፣ መጠገንና እንደገና ማየት ሁሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጠቃለል አለበት፤ ጥገናው በትክክል መሠራቱን የሚፈትነው ቀጣዩ ክረምት ደግሞ የሚመጣው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ በጊዜያዊ ርክክብ ላይ ማፍሰሻው ተደፍኖ በውኃ መፈተን አለበት። የቆርቆሮ ጣሪያ በጎማ ይረጭ፤ ጋተሩና መውረጃ ቧንቧው ከላይ ውኃ ተለቆበት ታች ድረስ ይታይ፤ የፍሳሽ ፖዜቶዎች ተከፍተው ውስጣቸው የተረሳ ሲሚንቶና ፍርስራሽ ይውጣ። ውል ላይ ደግሞ የጣሪያና የውኃ መከላከያ ሥራ የተጠያቂነት ጊዜ ሁለት ክረምት እንዲሸፍን መደራደር ፍትሐዊ ነው። ጥሩ ተቋራጭ ይህን አይፈራም።

ጉድለት ከታየ በኋላ ብዙ አሠሪ የሚሠራው ስሕተት ከንዴት የሚመጣ ነው። ቧንቧ ይፈነዳል፤ ተቋራጩ ሁለት ጊዜ ተደውሎለት አይመጣም፤ ባለቤቱ ሰፈር ያለ ቧንቧ ሠራተኛ ጠርቶ ግድግዳውን ያስፈርስና ያስጠግናል፤ ከዚያ ወጪውን ከሪቴንሽኑ ልቀንስ ይላል። ተቋራጩም «ግድግዳዬን ማን ነካው? ችግሩን ያመጣው የእናንተ ሰው ነው» ይላል፤ ይህ ክርክር በብዙ ውሎች ዘንድ ሚዛን የሚደፋ ነው። የተለመደው አካሄድ ጉድለቱን በጽሑፍ ማሳወቅ፣ የማስተካከያ ቀን መቁረጥ፣ ያ ካለፈ ደግሞ በሌላ ተቋራጭ እንደሚያሠሩና ወጪውን ከእርሱ እንደሚወስዱ አስቀድሞ ማስታወቅ ነው። የፊዲክ ውልም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ ከዚያ አልፎ ጉድለቱ የማይጠገን ግን የሚታገሡት ከሆነ ከዋጋው ተመጣጣኝ ቅናሽ ማድረግን ይፈቅዳል። ድንገተኛ አደጋ ሲሆን ውኃውን መዝጋትና ሰው ማዳን ይቀድማል፤ ያኔም ቢሆን ከመነካቱ በፊት ፎቶ፣ የተቆረጠውን ቧንቧ ማስቀመጥና በዚያው ቀን ደብዳቤ መላክ ይቻላል።

ስለ ሪቴንሽን ሲነሣ የተቋራጩም ወገን ሊሰማ ይገባል። ገንዘብ መያዝ በራሱ ፍትሕ አይደለም። በብሪታንያ ካሪሊየን የተባለው ግዙፍ የግንባታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 15 ቀን 2018 ሲፈርስ፣ በሥሩ የሠሩ ብዙ ንዑስ ተቋራጮች የተያዘባቸው ገንዘብ አብሮ ሰጠመ፤ ሥራቸውን በትክክል የሠሩትም ጭምር። በዚያው ኩባንያ እጅ የነበረው የሊቨርፑል ሮያል ሆስፒታል ግንባታ ሲቆም የተደረገው ምርመራ ደግሞ በመዋቅሩ ላይ ከባድ ጉድለቶችን፣ የተሰነጠቁ ቢሞችንም ጭምር አወጣ። በ2017 ይከፈታል የተባለው ሆስፒታል ሕሙማንን የተቀበለው በ2022 ነው። እንግዲህ በአንድ በኩል የተያዘው ገንዘብ ሐቀኛውን ሠራተኛ ጎዳ፤ በሌላ በኩል የተቋራጩ ስምና ግዝፈት የሥራውን ጥራት አላረጋገጠም።

በእኛም ሀገር ዓመቱን ሙሉ በብር የተያዘ ገንዘብ በዋጋ ንረት ምክንያት ጥቅሙ ይቀንሳል። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ሲዘል፣ የአሳንሰር መለዋወጫ ወይም የሳኒተሪ ዕቃ ለመቀየር የሚወጣው ወጪ ከተያዘው ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል። ያን ጊዜ ተቋራጩ «ሪቴንሽኑ ይቅርባችሁ» ብሎ ቢጠፋ ያተርፋል። ለዚህ ነው ዕቃ ከመገጠሙ በፊት የሚደረግ ፍተሻ ከሚያዝ ገንዘብ የተሻለ ዋስትና የሚሆነው። ሥራውን አጠናቆ ዝርዝሩን ላጸዳ ተቋራጭ ደግሞ ገንዘቡን በቀኑ መልቀቅ ግዴታም ብልህነትም ነው፤ ቀሪ ገንዘቡን ለመቀበል ስድስት ወር የሚመላለስ ተቋራጭ ቀጣዩን ሥራ ሲሠራ ያን እያሰበ ነው የሚሠራው።

ጉድለትን ከሁሉ በላይ የሚያባብሰው አስቀድሞ የተቆረጠ የምርቃት ቀን ነው። የበርሊን ብራንደንቡርግ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 2012 ሊከፈት ቀን ተቆርጦ፣ ግብዣ ተልኮ፣ ዝግጅት ተጠናቆ ነበር። አራት ሳምንት ሳይሞላ ሲቀረው መክፈቻው ተሰረዘ። ዋናው ምክንያት የእሳት አደጋ መከላከያው፣ በተለይም ጭስ የሚያስወጣው ሥርዓት፣ ፍተሻውን ማለፍ አለመቻሉ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው የተከፈተው ከስምንት ዓመት በላይ ዘግይቶ በኦክቶበር 31 ቀን 2020 ነው። ይሁንና በዚያ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚከበር ነገር አለ፤ ፈታሾቹ ለተቆረጠው ቀን ሲሉ አልፈረሙም። እኛ ዘንድ እንግዳ ተጠርቶ፣ ሪባን ተዘርግቶ፣ የእሳት ማጥፊያ ፓምፑ አልተሞከረም ብሎ ፊርማውን የሚከለክል መሐንዲስ ከጀርባው የሚቆምለት ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው አሠሪው መሆን አለበት።

ሕጉም ከአንድ ዓመቱ በላይ ያያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ጊዜ ጀምሮ ለ10 ዓመት የሥራውን መልካም አፈጻጸምና ጽናት እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። በሥራ ጉድለትም ሆነ ሕንፃው በተሠራበት መሬት ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ ጥፋት ይጠየቃል። ይህ 10 ዓመት ከየት መጣ ለሚል፣ የሕጉ አርቃቂ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ በፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1804 የናፖሊዮን ሕግ ጀምሮ ይኸው የአሥር ዓመት ኃላፊነት፣ የመሬቱ ጉድለት ጭምር ተጠቅሶ፣ ሲሠራበት ኖሯል። ብዙ ባለቤት ግን ይህን አያውቅም፤ የመጨረሻ ርክክብ ከፈረመ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለዋል። ያለቀው ለአነስተኛ ጉድለቶች የሚያገለግለው የውል ጊዜ ነው፤ ለመዋቅሩ ጽናት ያለው ኃላፊነት አላለቀም። በርክክብ ቀን በግልጽ ይታይ ለነበረና ማንም ላላስመዘገበው ጉድለት ግን በኋላ መጠየቅ ከባድ ነው። ዝርዝሩ እዚህም ላይ ይፈለጋል።

የአሥር ዓመት መብት በእጅ ላይ ያለ ሰነድ ይፈልጋል። በሰባተኛው ዓመት ግድግዳ ቢሰነጠቅ የሚጠየቀው የመሠረቱ ጥናት፣ የኮንክሪት ጥንካሬ ፍተሻ ውጤት፣ ቧንቧውና ሽቦው በእውነት ያለፉበትን የሚያሳየው የተሠራው ሥራ ፕላን፣ ከመሸፈናቸው በፊት የተነሡ የብረት ሥራ ፎቶዎች፣ የርክክብ ቃለ ጉባኤውና የጉድለት ዝርዝሩ ነው። አማካሪውና ተቋራጩ ገና ሳይት ላይ እያሉ እነዚህን መሰብሰብ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ከሄዱ በኋላ የማይሞላ ጉድለት ይሆናል። ስለዚህ የሪቴንሽኑ ቀሪ ግማሽ ክፍያ ከሰነዶቹ ጋር እጅ በእጅ ቢሆን ማንንም አይጎዳም።

በኮንዶሚኒየም ቤት ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ነዋሪው ቤቱን በአብዛኛው ፊኒሺንጉ ሳያልቅ ተረክቦ ራሱ ሴራሚክ ያነጥፋል፣ ግድግዳ ያነሣል፣ ቧንቧ ይቀይራል። በነጋታው ከላይ ውኃ ቢወርድ ጥፋቱ የመጀመሪያው ተቋራጭ ነው ወይስ የላይኛው ጎረቤት ሠራተኛ? መልስ የሚኖረው ቁልፍ በተሰጠ ማግሥት፣ አንድ መዶሻ ሳይነሣ፣ የቤቱ ሁኔታ በፎቶና በጽሑፍ ከተያዘ ብቻ ነው። ጣሪያው፣ ደረጃው፣ የውጭ ግድግዳውና የፍሳሽ መስመሩ ደግሞ የሁሉም ነው። የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም ያደረገው የጋራው ነገር ጠባቂ እንዲኖረው ነው፤ ማኅበሩ ግን ጽዳትና ጥበቃ ከማሠራት አልፎ የሕንፃውን ሰነድ ሲረከብ ብዙም አይታይም። የማኅበሩ የመጀመሪያ ስብሰባ አጀንዳ የሕንፃውን ፕላንና የርክክብ ቃለ ጉባኤ በጽሑፍ መጠየቅ ሊሆን ይገባል።

ዋሽንግተን፣ ሪያድ ወይም ቴል አቪቭ ሆነው አዲስ አበባ ላይ አፓርታማ የሚገዙ ወገኖች ደግሞ ቤቱን የሚረከቡት በወንድም፣ በእኅት ወይም በአክስት ልጅ ነው። ተወካዩ የሻጩን ቢሮ ሠራተኛ ተከትሎ ክፍሎቹን ያያል፣ ቪዲዮ ቀርጾ ይልካል፣ ይፈርማል። በቪዲዮ የወለል ልክ አይታይም፤ የቧንቧ ግፊትም አይለካም። ውክልናው ላይ «ቤቱን ይረከብልኝ» ከሚለው ቀጥሎ «ጉድለት ሲያገኝ በቃለ ጉባኤ ያስመዝግብልኝ፤ በባለሙያ ያስመርምርልኝ፤ ሳይስተካከል የመጨረሻ ርክክብ አይፈርምልኝ» የሚል መስመር ይጨመርበት፤ ለተወካዩም አንድ መሐንዲስ ለግማሽ ቀን የሚቀጥርበት ገንዘብ ይላክለት። በዚያ ግማሽ ቀን ውስጥ ውኃ ሁሉ ይከፈታል፣ መብራት ሁሉ ይበራል፣ በርና መስኮት ሁሉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ የተገኘው ሁሉ ሁለት ኮፒ ሆኖ ይጻፋል፤ በሁለቱም ላይ የሻጩ ወኪል ይፈርምበታል።